ከዋሽንግተን ደብረ ማርቆስ ስንት ሰዓት ነው?

ጥር 19 ቀን 2011፣ ቦሌ

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ደለስ ላይ አውሮፕላን የተሳፈረችው ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቦሌ ያረፈችው እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት። እንዲሁ ለቆጠረው ሰው 21 ሰዓት ይመስላል። በዚህ ወቅት ግን እኛ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ በጉዞ ላይ የቆየችው 13 ሰዓት ነው። መሀል ላይ ማረፍ የለ፣ ነዳጅ መቅዳት የለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሩብ የሚበልጠውን በአንድ ሌሊት አቋረጠችው ማለት ነው።

ያን ዕለት ቦሌ ግርግር ነበር። የመንገደኞች ተርሚናሉ ማስፋፊያ የሚመረቅበት ቀን ነው። በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ። መኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር ገባን። ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አገሯን ካየች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። አቅፋኝ ትንሽ አለቀሰችና ወዲያው ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ከዚህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው አይደል?»

«አዎ፣ እዚያው ገደማ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አንሄድም? ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ቢሆን ልክ ነች። እኔ ግን የዓባይን በረሃ አውቀዋለሁ። ያኔ ደብረ ማርቆስ የሚያርፍ የመንገደኛ በረራ ስላልነበረ ምርጫችን ሁለት ነበር። ወይ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደርሶ 265 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ፣ ወይ በመኪና በረሃውን ማቋረጥ። እሷ በረሃውን መረጠች። ስትሄድ በአውቶቡስ መስኮት ያየችውን ስትመለስም ማየት ፈለገች። እኔም ደስ አለኝ። ጎጃም የሚገባ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ሲገባ ነው የገባ የሚመስለኝ።

ጥር 20፣ ከእንጦጦ እስከ ደጀን

ሚኒባስ ተከራየን። ነዳጁን ጨምሮ እስከ ደብረ ማርቆስ 4,000 ብር። ሾፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ መንገዱን ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንጦጦን ወጣን። የአክስቴ ልጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ ቁጭ ብላ ነበር። አካሏ ገና ዋሽንግተን ነው፣ እዚያ ገና ምሽት ነው። ሱሉልታ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ፈረሶቹ ትንፋሻቸው እየጨሰ ቆመዋል። መስኮቱን ከፍታ ብርዱን ሳበችው። ከዚያ ጫንጮን ሳናልፍ ተኛች።

ገብረ ጉራቻ ቁርስ በላን። ጥብስ ፍርፍር 45 ብር፣ ሻይ 5 ብር። እሷ በምትኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ይህችው ፍርፍር 15 ዶላር ገደማ ናት። የዕለቱን ምንዛሬ አሰብነው፣ ከ400 ብር በላይ። በዚያ ገንዘብ እኛ ከነሾፌሩ ጠግበን በልተን ቡናም ጠጥተን ተርፎናል። ጣዕሙን ግን አታወዳድረው አለችኝ። ቅቤው ሌላ ነው።

እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረስን። እስከዚህ ድረስ መንገዱ ደህና ነበር። ከተማውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ግን ምድር ከፊታችን ጠፋ። ሜዳው ያልቅና ገደል ይሆናል። ማዶ ጎጃም ይታያል፣ ደጀን ያለችበት አፋፍ በዓይን ቅርብ ነው። ወፍ ብንሆን ደርሰናል። መንገዱ ግን ወደ ታች ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መልሶ ይወጣል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ሲሆን ድልድዩ ያለበት ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም።

አስፋልቱ ደህና ነው ቢባልም ብዙ ቦታ ተጨማድዷል። መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት የተጠገነው ተመልሶ ይጎብጣል። ከፊታችን ሲኖ ትራኮችና ተሳቢዎች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ። የፍሬን ሽታ አየሩን ሞልቶታል። በመሀል ጆሮዋን ይዛ «ደፈነኝ» አለች። ቦሌ ስታርፍ ያልደፈናትን ጆሮ ዓባይ ደፈነው። ጃኬት አወለቅን፣ መስኮት ከፈትን። ጠዋት ውርጭ ላይ የነበርን ሰዎች ነን።

ድልድዩ ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበር በዓይናችን ብቻ አየነው። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ከጎኑ ቆሟል። ከሥር ዓባይ በጥር ስለሆነ ጎድሎ፣ ረጋ ብሎ ይሄዳል።

ችግሩ የመጣው ዳገቱ ላይ ነው። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ከፊታችን እንደ ኤሊ ይሄዳል። ማለፍ አይቻልም፣ ኩርባው አያሳይም። ሾፌሩ ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነሣም። ትንሽ ቆይቶ ከፊት በኩል እንፋሎት ወጣ። «ፈላ» አለና ዳር ያዘ። ወርደን ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረግን። የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ፈስሷል። የያዝነው የሃይላንድ ውሃ ለመጠጥ እንኳ አይበቃም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ የሚሰጥ አንድ ግራር ነበር፣ እሱ ሥር ተጠጋን።

ወደ ታች የሚወርድ አንድ ከባድ መኪና ቆመልን። ረዳቱ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ይዞ ወረደ። ሾፌራችን ቱቦውን በካላማዳሪና በላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ገንዘብ ስናወጣ ረዳቱ እጁን አራገበ። «የበረሃ ውሃ አይሸጥም» ብሎ መኪናው ላይ ዘለለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደጀን ስንደርስ 8 ሰዓት አልፏል። እዚያ ቱቦው በ250 ብር ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ያለው 70 ኪሎ ሜትር እረፍት ነው። ሜዳው የጤፍ አገር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ የጭድ ክምር በየቤቱ ጓሮ ቆሟል። አንዳንድ ቦታ ውቂያ አላለቀም፣ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ። የአክስቴ ልጅ እንቅልፏ ጠፋ። የእያንዳንዱን መንደር ስም እየጠራች ትጠይቀኝ ጀመር።

ደብረ ማርቆስ 10 ሰዓት ላይ ገባን። 300 ኪሎ ሜትር በ10 ሰዓት። አትላንቲክን፣ ሜዲትራኒያንን፣ የሰሃራን በረሃ ያቋረጠችው በ13 ነው።

ስለ እናትና ልጅ መገናኘት ብዙ አልጽፍም። እልልታው ከበር ጀመረ። አክስቴ ልጃቸውን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔን! እኔን!» ይላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ዶሮው ቀረበ፣ «አፈር ስሆን ብሉ» ተባለ። ልጅቱ ግን በ1 ሰዓት ተቀምጣ ተኛች። አንዲት ጎረቤት ነፋስ መቷት ይሆናል ብለው ሰጉ። የሰዓቱ ለውጥ መሆኑን አስረዳሁ። እዚያ ሌሊት የሚሆነው እዚህ ሲነጋ ነው ስላቸው አዘኑላት።

ጥር 21፣ ደብረ ማርቆስ

አስተርእዮ ማርያም ናት። ከተማው ነጭ ለብሷል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። ጠላው ከነጋ ጀምሮ ይቀዳል፣ ድፎ ዳቦው በእንሰት ቅጠል የተጋገረ ነው። እንግዳዋን ሁሉም የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው። «ከዚያ እዚህ ስንት ቀን ያስኬዳል?» 13 ሰዓት ስትላቸው አያምኑም። አንድ ሽማግሌ አባታቸው በበቅሎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ይፈጅባቸው እንደነበር ነገሩን። ያውም በበጋ። ክረምት ከሆነ ዓባይ አያሻግርም፣ እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጡ። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከቤታቸው ሉል ይዘው ነው የመጡት። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሶቭየት ኅብረት ገና ያልፈረሰችበት ሉል። አክስቴን «ከፈትልሽ አንድ ክር ስጪኝ» አሏቸው። የክሩን አንድ ጫፍ ዋሽንግተን ላይ በአውራ ጣታቸው ያዙ። ሌላውን አዲስ አበባ ላይ አድርገው ወጠሩት።

ሁላችንም ጠጋ አልን። ክሩ እኔ በጠበቅኩት በኩል አልሄደም። ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ካርታ ብናሰምር መስመሩ አትላንቲክን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቆርጦ በምዕራብ ሰሃራ በኩል አፍሪካ ይገባል። ሉሉ ላይ ግን ክሩ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ። ውቅያኖሱ መሀል ከዋሽንግተን ራሷ ይበልጥ ወደ ሰሜን ደረሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በፖርቱጋል ገባ፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ በሊቢያና በሱዳን አድርጎ አዲስ አበባ ወረደ።

«አጭሩ መንገድ ይሄ ነው» አሉ አጎቴ። «ምድር ክብ ስለሆነች ካርታው ያታልላል።»

«እኔ ግን መቀመጫዬ ፊት ባለው ስክሪን ያየሁት ግብፅን ነው» አለች የአክስቴ ልጅ።

እሱም ትክክል ነው። ያኔ የሊቢያን ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች በጦርነቱ ምክንያት ይሸሹት ነበር። ወደ ግብፅ ዞር ይሉና በሱዳን በኩል ይገቡ ነበር። ስለዚህ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ከክሩ ይረዝማል።

አጎቴ ማስተማር ከጀመሩ አያቆሙም፣ እኛም እንዲያቆሙ አልፈለግንም። ስትመጣ ያላረፈችበትን ምክንያት ነገሩን። ደለስ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። አየሩ ወፍራም ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሣት ይችላል። በዚያ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። በእነሱ ክረምት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስትመጪ ከኋላ ይገፋሻል፣ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይጋፋሻል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉን የሚያነሳው ጉልበት ይቀንሳል። ለዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅና መንገደኛ አንድ ላይ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ለዚህ ነበር ያኔ የመልሱ በረራ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው። ጉዞውም ወደ 17 ሰዓት ተኩል ይደርስ ነበር። መንገዱ ያው መንገድ፣ የአራት ሰዓት ተኩል ልዩነት።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ስለ አውሮፕላኑ ውስጥ አየር የነገሩን ነው። እሷ የመጣችበት ድሪምላይነር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይያዛል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ነው። ስለዚህ ሰማይ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ስትበር የተነፈሰችው አየር እናቷ ሳሎን ከምትተነፍሰው ይልቅ ወፍራም ነበር። ቦሌ ስታርፍ ጆሮዋ እንደ ሌላ ቦታ ያልደፈናትም ለዚህ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ቡና እየቀዱ ነበር። ሲኒውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ።

«እሱን ተወው። እኔ ብታመም ልጄ በስንት ሰዓት ትደርሳለች?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ሉሉን ወደ ጎን አድርገው ደብተር አወጡ። ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላለፉትም፣ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። አንድ በአንድ ጻፉት። ከቤቷ እስከ ደለስ 1 ሰዓት። ከበረራ በፊት 3 ሰዓት። በረራው 13። ቦሌ ፓስፖርትና ሻንጣ 1 ሰዓት። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ መኪና ካልተበላሸ 8፣ ከተበላሸ 10። ድምሩ ከ26 እስከ 28 ሰዓት ነው። ነገር ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጣው በረራ በቀን አንድ ነው። ስልኩ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ከደወለ ሌላ አንድ ቀን ይጨመራል። ትኬትና ፈቃድ ማግኘቱ ገና ነው።

«እንግዲህ ሁለት ቀን በሉት» አሉ።

በእኛ አገር ቀብር በዕለቱ ነው፣ ቢዘገይ በማግስቱ። ይህን ማንም አላነሣውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የአክስቴ ልጅ አንገቷን ደፍታ ነበር። እናቷ እጇን ያዙና «እንግዲያ ሳልታመም ነይ» አሏት። ድምፃቸው ደህና ነበር። አባባሉ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ሒሳብ አንድ ቀን በወረቀት ላይ ቢያሰላው መልካም ነው እላለሁ። የቲኬቱ ላይ 13 ሰዓት የእናትን ጥያቄ አይመልስም።

ጥር 22፣ ፍኖተ ሰላም

አክስቴ «ዘመዶቿን ሳላሳያት አትሄድም» ብለው አብረውን ተነሡ። ከዚህ ወዲያ በሕዝብ ሚኒባስ ነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ለአንድ ሰው 50 ብር። በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋ አለፍን። ረቡዕ ስለሆነ ፆም ነው፣ ሽሮና ተልባ በላን። የዘመድ ቤት ጓሮ በርበሬ ተሰጥቷል። ይህ አካባቢ የበርበሬ አገር ነው፣ ሽታው ገና ከመንገድ ያስነጥሳል። ለአሜሪካ የሚሆን አንድ ፌስታል ሙሉ ተቋጠረላት። መብራት ስላልነበረ በጊዜ ተኛን። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች።

ጥር 23፣ እንጅባራ

ከቡሬ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ይቀዘቅዛል፣ ቀርከሃ ይበዛል፣ ደኑ ይጠቁራል። በመንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እንደ ሰብል ይተክልና ሲደርስ ያከስለዋል። ዘንገና ሐይቅ ጋ ወርደን ትንሽ ቆየን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፣ በዛፍ የተከበበ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ።

እንጅባራ መግቢያ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ቀኑን ብናውቅም ሰዉ ይህን ያህል ይሆናል ብለን አልገመትንም። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በዓሉ የጊዮርጊስና የዓድዋ መታሰቢያ ነው። ፈረሶቹ በመቶ አልነበሩም፣ ዓይን ከሚደርስበት በላይ ናቸው። ኮርቻቸው በቀይና በብጫ ጌጥ አሸብርቋል። ጋላቢዎቹ ውስጥ ፀጉራቸው የነጣ አዛውንት አሉ፣ አሥር ዓመት የማይሞላቸው ልጆችም አሉ። አንድ ልጅ ያለ ኮርቻ ከፊታችን ሽምጥ ሲጋልብ አክስቴ እልል አሉ።

ከሦስት ሰዓት በላይ ቆምን። ማንም አላማረረም። ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ያያል። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ላይ መንገድ 20 ደቂቃ ሲዘጋ ሰው ጥሩምባ እንደሚያጮህ ነገረችን። በዚያው ቀን ባሕር ዳር መግባት ስላልቻልን እንጅባራ አልጋ ፈለግን። ሁሉም ተይዟል። በመጨረሻ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤታቸው አሳደሩን። አጎዛ አነጠፉ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡ። ለአልጋ ገንዘብ አልቀበልም ብለው በግድ ለልጆቻቸው ደብተር መግዣ ሰጠን።

ጥር 24 እና 25፣ ባሕር ዳር

ዳንግላን፣ ዱርቤቴን፣ መራዊን አለፍን። መራዊ ላይ በቆጋ ግድብ የሚለማው መስኖ በበጋ መሀል አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። 7,000 ሄክታር ያህል ነው። ከደረቀው ሜዳ በኋላ ሲያዩት ዓይን ያርፋል። ሚኒባሱ 80 ብር ነበር።

ባሕር ዳር ሆቴል 600 ብር ያዝን፣ ባለ ሁለት አልጋ። ባጃጅ 20 ብር። ዓርብ ስለነበር አክስቴ ዓሣ አልበላም አሉ። ቅዳሜ ምሳ ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆረሶ በላን፣ 90 ብር። ሙሉ ዓሣ ነው፣ ከነራሱ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር።

ከዚያ የጉዞው ትልቁ ነገር መጣ። አክስቴ በሕይወታቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ አብረዋት እንዲበሩ ለመነቻቸው። እሷ በዚያው አየር መንገድ ከውጭ ስለመጣች የአገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ አለው። ለእኔና ለአክስቴ ወደ 1,500 ብር ነፍስ ወከፍ ከፈልን። ማረፊያው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ ነው። አክስቴ ስሙን በሩ ላይ ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፣ የበላይን ስም ሰምተው ዝም ብለው አያልፉም።

አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። መስኮት ዳር አስቀመጥናቸው። ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው «እመቤቴ» አሉ። ከዚያ ከፈቱና እስክናርፍ አልጨፈኑም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ቀጥታው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በመኪና 560። መስመሩ በጮቄ ተራራ በኩል ወርዶ በደጀን አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። ጮቄን ሲያዩ ወዲያው አወቁት፣ ከደብረ ማርቆስ ሁልጊዜ የሚያዩት ተራራ ነው። ትንሽ ቆይቶ መሬቱ ተሰነጠቀ። ከታች ቡናማ ገደል፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ውሃ።

«ያ በረሃው ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። እኛ ፀሐይ ላይ የዋልንበት።»

ሰዓቴን አየሁ። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አክስቴ ገደሉ ከክንፉ ኋላ እስኪጠፋ ዞረው አዩት። «አባቴ እዚህ ውስጥ በቅሎ ሞቶበታል» አሉ። ይህን ታሪክ እኔም ልጃቸውም ሰምተን አናውቅም ነበር። አዲስ አበባ እስክንደርስ ስለ አያታችን ነገሩን።

ቦሌ ስናርፍ በረራው አንድ ሰዓት አልሞላም።

የካቲት 9፣ ቦሌ

እናትና ልጅ አዲስ አበባ አብረው ሰነበቱ። የመመለሻው በረራ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣዋ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጎጃም ማርና ሁለት ጋቢ ይዟል። ኪሎው ሞልቶ አንዱ ጋቢ በእጅ ገባ። አጎቴ ደብሊን ስትደርስ ሰዓቱን እንድትጽፍላቸው አደራ ብለዋት ነበር። አልረሳችም። እዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆመዋል፣ የዋሽንግተን መንገደኞች ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ደለስ ስታርፍ እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ነው፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ 10። ከአዲስ አበባ ቤታችን ወጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ እስክትገባ 23 ሰዓት ፈጀባት።

ደውላ ከእናቷ ጋር ስትጨርስ አጎቴ ስልኩን ተቀበሉ። ሒሳቡን እንደገና ሠርተውታል። በረሃውን ትቶ በባሕር ዳር በኩል መምጣት ይሻላል ይላሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ፣ ረፋድ ላይ የባሕር ዳር በረራ፣ ከዚያ በሚጠብቃት መኪና አምስት ሰዓት መንገድ። ከደለስ ረፋድ የተነሣ ሰው በማግስቱ ፀሐይ ሳይጠልቅ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ለሚመጣው አስተርእዮ ፈቃዷን ከአሁኑ ጠይቃለች። ባሕር ዳር የሚቀበላት መኪና የእኔ ኃላፊነት ነው። አክስቴ ግን እንጅባራ ለፈረሶቹ እንድትደርስ ጥር 23ን ጨምሩበት ብለዋል።